ከላንቴ ሜዳ እስከ ጨንቻ ዳገት
በተዳፋት ላይ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ስለ ግቢ መግቢያ የተጻፈ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሶዶ የሚወስደውን ጎዳና የያዘ መንገደኛ በቀኙ የአባያን ሐይቅ፥ በግራው የጋሞን ደጋ እያየ ጥቂት እንደ ሄደ ላንቴ ይደርሳል። ላንቴ በሐይቁና በተራራው መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ያለች ናት። ምድርዋ ሙዝና ማንጎ ያበቅላል፤ ከደጋው የሚወርደውም ውሃ በቦይ እየተመራ ተክሉን ያጠጣል። ቆላ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ነገር ግን የሙዙ ቅጠል ጥላ ለሰውም ለከብትም ይበቃል። በመንገዱ ዳር የተከመረውን ሙዝ የጭነት መኪናዎች እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል።

ስለዚህ ሀገር የጻፉ ሰዎች ሙዙንና ሐይቁን፥ አዞውንም ሳይቀር አመስግነዋል። እኛ ግን ዛሬ ለቤተ ሰብ ዓምዳችን የመረጥነው ነገር ማንም ተጓዥ ቆሞ የማይመለከተውን ነው፤ ይኸውም ከመንገድ ወደ ቤት የሚያገባው ደጃፍ ነው።

በላንቴ የግቢው በርና ጎዳናው በአንድ ልክ ናቸው። ባለቤቱ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ላይ አንድ ቱቦ ቀብሮ አፈር ቢደለድልበት መግቢያው ተሠራ ማለት ነው፤ ጋሪውም ባጃጁም የጭነት መኪናውም ሳይቸገር ይገባል፤ የታመመ ሰው ቢኖር አምቡላንሱ እስከ ቤቱ ደጅ ይጠጋል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ ደንብ የሚጽፍ ሹም ሥራው ቀላል ነው። ቤቱ ከመንገዱ ይህን ያህል ሜትር ይራቅ፥ የበሩ ስፋት ይህን ያህል ይሁን፥ መኪናው በግቢ ውስጥ እንጂ በመንገድ ዳር አይደር፥ የመግቢያውም ዳገት ከዚህ አይለፍ ቢል የሚከራከረው ሰው አያገኝም። ትእዛዙ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚፈጸምም ነው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አሁን ዓይናችሁን ከሙዙ ወደ ምዕራብ አንሡ። ከሜዳው ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚነሣው የጋሞ ደጋ ነው። ከዋናው ጎዳና የሚገነጠለው የጨንቻ መንገድ በዚህ ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የአባያ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው ርቀት ግን ሁሉ ተደምሮ 37 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከላንቴ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ምሳ ሳይደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ጨንቻ እስከ 1950ዎቹ ዓመታት ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መናገሻ ከተማ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ መንበሩ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሹማምንቱ መውረዱን ለምን እንደ ወደዱት ለማወቅ የሚሻ ሰው በክረምት አንድ ቀን ወደ ላይ ቢወጣ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ አርባ ምንጭም ብትሆን ዳገት አላጣችም፤ ሲቀላ በታች በሜዳው፥ ሴቻ በላይ በገመገሙ ተቀምጠው በአንድ ከተማ ስም ይጠራሉ፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰውም ጉልበቱን ሳይጠይቅ አይነሣም።

በደጋው ላይ የጋሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ እርከን እየሠራ፥ በቤቱ ዙሪያ እንሰት እየተከለ ኖሯል። ከቤቶቹም ሁሉ የዶርዜ ቤት የታወቀ ነው። ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራ ሲሆን አዲስ ሳለ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ እየበላ ሲያሳጥረው ባለቤቱ የተበላውን እየቆረጠ ለብዙ ዓመት ይኖርበታል፤ ስፍራው ያልተስማማውም እንደ ሆነ ጎረቤቶቹን ጠርቶ ቤቱን እንዳለ አሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። እንዲህ ላለ ቤት የመግቢያ ክርክር የለበትም። መግቢያው የእግር መንገድ ነው፤ እግርም በቅሎም በዳገት ላይ ጠመዝማዛውን መንገድ መርጠው መሄድን ያውቃሉ። ክርክሩ የመጣው ከአውቶሞቢሉና ከድንጋዩ ቤት ጋር ነው። የድንጋይ ቤት አይሸከሙትም፤ አውቶሞቢልም እንደ በቅሎ በድንጋይ ላይ አይረግጥም።

ነገሩን በቁጥር እናስረዳ፤ ቁጥር የማይወድ አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘልለው አንቀየመውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቅዶ ነበር። እንግዲህ የአንድ ሰው ቦታ ወርዱ 20፥ ርዝመቱ 25 ሜትር ነው እንበል፤ ከመንገዱ አንሥቶ እስከ ኋለኛው አጥር ድረስም 5 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ይህ ለደጋ ሀገር ብዙ አይደለም። መሐንዲሶች ዳገትን የሚለኩት በመቶ ነው፤ 100 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 15 ሜትር ከፍ ካሉ ዳገቱ 15 በመቶ ይባላል። በብዙ የውጭ ሀገር ከተሞች ደንብ ለመኖሪያ ቤት መግቢያ የሚፈቀደው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ነው። ይህ ባለቦታ ከመንገዱ 15 ሜትር ገብቶ መኪናውን የሚያሳድርበት ስፍራ ቢያደላድል ስፍራው ከመንገዱ 3 ሜትር ከፍ ይላል፤ በቀጥታ ሲወጡትም 20 በመቶ ይሆናል። ይህስ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ከግቢ የሚወጣ መኪና ወደ ጎዳናው ሳይገባ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚያይበት 5 ሜትር ያህል ደልዳላ ስፍራ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ፍሬኑ የላላ ዕለት በመንገደኛ ላይ ይወርዳል። ያ 5 ሜትር ሲቀነስ 3 ሜትሩን ከፍታ በቀረው 10 ሜትር ውስጥ መውጣት ግድ ነው፤ ይህም 30 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ዳገቱ ድንገት በሚጀምርበትና ድንገት በሚያልቅበት ስፍራ የመኪናው ሆድ መሬት ይፈትጋል፤ በዝናብም ቀን ጎማው ይንሸራተታል።

በዓለም ላይ እጅግ ቀጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ጎዳና ተብሎ የሚጠራው በኒውዚላንድ በደኔዲን ከተማ የሚገኘው የባልድዊን ጎዳና ነው፤ ዳገቱም በጠናበት ስፍራ ወደ 35 በመቶ ይደርሳል። የዚያ ከተማ ጎዳናዎች የተነደፉት ሀገሩን ባላዩ ሰዎች በሎንዶን ከተማ በወረቀት ላይ ነው ይባላል። በወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ያለና ያማረ ነው፤ ወረቀት ዳገት የለውምና። አስፋልትም በሙቀት ጊዜ ለስልሶ ወደ ታች እንዳይፈስ ጎዳናውን በላይ በኩል በሲሚንቶ ለመሥራት ግድ ሆነ። ዛሬ ቱሪስት ሊያየው ይሄዳል፤ የደጋችን ባለቤት ግን በግቢው ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር አግኝቶ ቱሪስት አያስገባበትም።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ሦስት መንገድ ይቀርለታል። አንደኛው ተራራውን ቆርጦ ቤቱን ወደ መንገዱ ልክ ማውረድ ነው። ሁለተኛው መግቢያውን በቦታው ላይ እንደ እባብ እያጠማዘዘ ማስረዘም ነው፤ ነገር ግን 20 ሜትር ወርድ ላለው ቦታ መንገዱ ብቻ ግቢውን ይበላዋል፥ ለልጆች መጫወቻና ለጓሮ አትክልት የሚተርፍ ስፍራ የለም። ሦስተኛው ቤቱን በላይ ትቶ መኪናውን ብቻ በመንገዱ ዳር፥ በግቢው ጫፍ ማሳደር፥ ከዚያም በደረጃ መውጣት ነው። በእኛ አስተያየት ሦስተኛው ከሁሉ የተሻለና ርካሽ ነው። ግን በሜዳ የተጻፈው ደንብ ግንባታ ሁሉ ከመንገዱ ይህን ያህል ሜትር ይራቅ ብሎ ከሆነ የተከለከለው ይኸው ሦስተኛው ነው። ሕጉን አክባሪ ሆኖ ለመኖር የሚፈልግ ሰው ተራራውን ለመቁረጥ ይገደዳል ማለት ነው።

ተራራን መቁረጥ ደግሞ የአንድ ባለቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተቆረጠው አፈር በክረምት ይወርዳል። በደጋው ያለ ጎረቤት የተወውን አፈር በታች ያለው ጎረቤት ይቀበለዋል፤ ከእርሱም ያለፈው ወደ ቦዩ፥ ከቦዩ ወደ ቆላው ሙዝ፥ በመጨረሻም ወደ አባያ ይገባል። የአባያ ውሃ ቀይ ቡናማ የሆነው ወንዞቹ ከየደጋው ይዘውት በሚወርዱት ደለል ነው። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ በወረደው ናዳ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ያን መዓት የግቢ መግቢያ አመጣው አንልም፤ አላመጣውምና። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ማንም የተዳፋትን አፈር በድፍረት ቁረጡት ብሎ ቢያዝ ሊደመጥ አይገባውም።

ይህ ነገር የጋሞ ብቻ እንዳይመስል አዲስ አበባንም እናስታውስ። በአፄ ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ሰፈራቸውን ያደረጉት ከየኮረብታው ላይ ነበር፤ ኮረብታው ለዕይታም ለመከላከልም ይመች ነበርና። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፥ የራስ ብሩ ሰፈር፥ የደጃች ውቤ ሰፈር እየተባሉ የሚጠሩት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በዚያ ጊዜ ነው። ወደ ጌታው ግቢ የሚወጣ ሰው በበቅሎ ነበር የሚወጣው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ለንጉሠ ነገሥቱ ቢመጡም የሰፈሮቹ አቀማመጥ የበቅሎ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ያለውን የተመለከተ ሰው ነገሩን ይረዳል። እዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ብዙ ናቸው፤ ከአንዱ ዳገት መጥተው በሌላው ዳገት ሰፈሩ። ነጠላና ቀሚስ የሚገዛው ሰው መኪናውን በዋናው ጎዳና ዳር አቁሞ ይገበያያል፤ ከጎዳናው ወጣ ብሎ ወዳለው ጉራንጉር ግን የሚገባው በእግሩ ነው።

በቤተ ሰብ ዓምድ ስለ ዳገትና ስለ መቶኛ መጻፋችን ያስገረመው ቢኖር ምጥ የያዛትን ሴት ያስብ። መኪና ወደ ቤቱ የማይደርስ ከሆነ በሌሊት በጭቃ ላይ በቃሬዛ የሚያወርዷት ጎረቤቶች ናቸው። ጉልበታቸው የደከመ እናትና አባት ከቤት ሳይወጡ ወራት ያልፋቸዋል። የጤፉ ጆንያ፥ የውሃው ጀሪካን፥ የጋዙ ሲሊንደር በሰው ጀርባ ይወጣል፤ ያ ጀርባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛይቱ ጀርባ ነው። የቤቱ ጌታ ስለ ዳገቱ ሲናገር ስለ መኪናው ያስባል፤ የቤቱ እመቤት ግን ስለ ውሃው ታስባለች። ስለዚህ ወደ ሹሙ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ እንዳልሆነ ሹሙ ሊረዳው ይገባል።

በሌላው በኩል ደግሞ የሹሙን ነገር እንይ። ለአንዱ ከደንቡ የተለየ ፈቃድ የሰጠ እንደ ሆነ ነገ መቶ ሰው በደጁ ይሰለፋል፤ ከመቶውም ቦታው በእውነት የተቸገረው አሥሩ ሊሆን ይችላል። የቀሩት ዳገት የላቸውም፥ ዘመድ አላቸው እንጂ። ስለዚህ ፈሪ ሹም ሁሉንም ይከለክላል፤ ሁሉን ወዳጅ ሹም ለሁሉም ይፈቅዳል። ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያመለጡ ናቸው።

የዚህን መድኃኒት ከውጭ ሀገር ሕግ እናገኛለን። የኒውዮርክ ከተማ በ1916 በአውሮጳ አቆጣጠር የቦታ ክልል ደንብ ስታወጣ ደንቡ በእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ላይ በትክክል ሊገጥም እንደማይችል ታወቀ። በ1924 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ለክፍላተ ሀገሩ ሁሉ አርአያ እንዲሆን ያሳተመው የሕግ ረቂቅ 5 አባሎች ያሉት ቦርድ እንዲቆም አደረገ። ቦርዱ በስፍራው ልዩ ሁኔታ ምክንያት ደንቡ ቃል በቃል ቢፈጸም አላስፈላጊ መከራ የሚያመጣ ሲሆን፥ የሕዝብንም ጥቅም የማይነካ ሲሆን፥ ከደንቡ የተለየ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህም ከ5ቱ የ4ቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ልብ በሉ፤ የሚመረመረው የሰውዬው ችግር አይደለም፥ የመሬቱ ችግር ነው። ሰውዬው ድሃ ቢሆን ወይም ሀብታም ቢሆን፥ ትልቅ መኪና ቢገዛ ወይም ቤቱን ለማከራየት ቢያስብ ለቦርዱ ምክንያት አይሆነውም። ሳይፈቀድለት ተራራውን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ተቸገርሁ ብሎ የሚመጣም ችግሩን በእጁ የሠራ ነውና አይደመጥም።

በሀገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ የሕንፃ ሹም እንዲሾም፥ በሹሙም ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበት የይግባኝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። መሠረቱ አለ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የሚጎድለው ጎረቤቱ በተሰበሰበበት መነጋገር ነው።

ለዚህም የጋሞ ሰው ከኒውዮርክ መማር አያስፈልገውም። በጋሞ ሀገር ዱቡሻ የሚባል የሕዝብ አደባባይ አለ። የወሰን ክርክርም ሆነ ሌላ የሀገር ጉዳይ የሚታየው በዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፥ ሕዝብ ቆሞ እየሰማ ነው። የእነዚህ ሽማግሌዎች ቃል ዛሬም ክብደት አለው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው መመለሳቸውን ሀገር ሁሉ አይቷል። ያን የሚያህል ነገር ያበረደ ሸንጎ የአንድን ግቢ መግቢያ መመርመር ያቅተዋል አንልም። በአደባባይ የተጠየቀ ፈቃድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በታች ያለው ጎረቤት ተነሥቶ ውሃው በማን ላይ ይወርዳል ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ጥያቄ በሹሙ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ሳለ የሚጠየቅ አይደለም።

ስለዚህ በዳገት ላይ ቦታ ያገኘ አንባቢያችን ወደ ሹሙ ሲሄድ ቦታውን ከላይ ብቻ የሚያሳይ ንድፍ ይዞ አይሂድ፤ ከላይ ሲያዩት ዳገቱ ሁሉ ሜዳ ነው። ቦታውን እንደ ዳቦ ከጎን ቆርጦ የሚያሳይ ንድፍ ያሠራ፤ መንገዱ የት እንዳለ፥ ቤቱ ስንት ሜትር ከፍ እንዳለ፥ በደንቡ ልክ ቢሠራ ስንት ሜትር አፈር እንደሚቆረጥና የድጋፍ ግንቡ ምን ያህል ቁመት እንደሚኖረው በዚያ ላይ ይታይ። የዝናቡ ውሃ በመግቢያው ላይ ወርዶ ጎዳናውን እንዳያጥለቀልቅ የሚቀበለው ቦይ በበሩ ደፍ ላይ ይሁን፤ ቦዩም ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ መንገዱ ቱቦ ይመራ። የሚጠይቀውም ለችግሩ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን። 2 ሜትር ወደ መንገዱ መጠጋት ከበቃው 5 ሜትር አይጠይቅ፤ የመኪና ማደሪያውን ጣራ አስታክኮም ሱቅ አይሥራበት። ይህን የመጨረሻውን የምንጽፈው በከተማ ስንዘዋወር ስንት የመኪና ማደሪያ ሱቅ ሆኖ እንዳየን ስለምናውቅ ነው። ሹሙም በበኩሉ ቦታውን ሳያይ አይፍረድ፤ ቢቻል በክረምት፥ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ወጥቶ ውሃው የሄደበትን ይመልከት። ጫማው ይጨቀያል፤ ይጨቅይ።

ስለ እነዚህ ፈቃዶች በአሜሪካ ሕግ ያለ አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። እዚያ እንዲህ ያለ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የሚጸናው ለመሬቱ እንጂ ለጠያቂው አይደለም። ባለቤቱ ቤቱን ቢሸጥ ወይም ቢሞት ፈቃዱ ከቦታው ጋር ለገዢው ወይም ለወራሹ ይተላለፋል፤ አዲሱም ባለቤት ሁለተኛ ደጅ አይጠናም። ከፈቃዱም ጋር የተሰጠው ግዴታ፥ ማለት ቦዩን የመጥረግና ግንቡን የማደስ ግዴታ፥ እንዲሁ ከቦታው ጋር ይተላለፋል፤ በታች ያለውም ጎረቤት ከአዲሱ ባለቤት ላይ ሊጠይቀው ይችላል።